ዕውቀትና ማስተዋል በአንድ ቤት

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ያስቸግራል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያሉት ፊደል የቆጠረ ሰው ቤተሰቡን ከችግር ያወጣል፣ አገርንም ያቀናል ብለው ተስፋ ስላደረጉ ነው። እነዚሁ ወላጆች ግን ዲግሪ ይዞ ቤቱን ማስተዳደር ያቃተውን ሰው ሲያዩ «ተማረ እንጂ መች አወቀ» ይላሉ። ለመሆኑ በትምህርት ቤት የሚገኘው ዕውቀትና በኑሮ የሚገኘው ማስተዋል እርስ በርሳቸው ይቃረናሉን? የእግዚአብሔር ቃልስ ስለዚህ ነገር ምን ያስተምረናል?

ውጤት በተነገረ ሰሞን

ይህ ጥያቄ ለክርክር ያህል የሚነሣ አይደለም፤ በየቤታችን እንባ ያለበት ጥያቄ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆኑ። እንግዲህ ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ፊታቸውን አጥቁረው ወደ ቤት ገቡ ማለት ነው። ቤት ሲደርሱስ ምን ተባሉ?

እዚህ ጅጅጋ በአገልጋይ ቤት የምንኖር ሰዎች ውጤት በተነገረ ሰሞን በራችን እንዴት እንደሚንኳኳ እናውቃለን። ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት እያለቀሱ መጡ። «እህቴ፣ ልጄ እንደ እኔ ደንቆሮ ሆኖ ቀረ» አሉኝ። ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። ጥቂት ካረጋጋኋቸው በኋላ «ለመሆኑ በዱቤ የወሰደብዎ ሰው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳያመነቱ ይቆጥሩልኝ ጀመር፤ ማን ስኳር እንደ ወሰደ፣ ማን ዘይት፣ ማን ደመወዝ ሲወጣ እንደሚከፍል፣ ማን ደግሞ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ አፍርሶ ሳለ ለምን እንደ ታገሡት ጭምር። ከ20 በላይ ሰዎች በቃላቸው ይዘዋል። ልጃቸውም ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ሱቁን የሚይዝ፣ ከሶማሌ ደንበኞቹ ጋር በቋንቋቸው የሚደራደር ልጅ ነው። «ታዲያ በዚህ ቤት ደንቆሮው የቱ ነው?» አልኳቸው። በእንባቸው መካከል ፈገግ አሉ።

ደብተር የሌለው ትምህርት

የምንኖርበት ምድር ራሱ በዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። የግመል ወተት የሚሸጡትን የሶማሌ እናቶች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ወተቱ በሙቀት ቶሎ እንዳይበላሽ ዕቃውን በተመረጠ እንጨት ያጥኑታል። በቶጎ ውጫሌ ድንበር ላይ የሚነግዱት ደግሞ ብርን፣ የሶማሌላንድን ሽልንግና ዶላርን በአንድ ጊዜ በአእምሯቸው ያሰላሉ። በሶማሌ የቁም እንስሳት ገበያ ደላላውና ገዢው እጃቸውን በጨርቅ ሥር ጨብጠው በጣቶቻቸው ብቻ ይዋዋላሉ፤ አንድ ቃል ሳይወጣ ዋጋው ይቆረጣል።

ከጅጅጋ ወደ ቀብሪበያህና ወደ ሐርሺን አቅጣጫ ስንጓዝ ብርካ የሚባሉትን የውኃ ማጠራቀሚያዎች እናገኛለን። ወንዝ በሌለበት በሐውድ ሜዳ ሰውና ከብት የሚጠጣው በዝናብ ወቅት ብርካው ውስጥ ከገባው ጎርፍ ነው። ባለ ብርካው ፀሐይ ውኃውን እንዳትጨርሰው በእሾህና በቅርንጫፍ ይከድነዋል። ጨርሶ ከደረቀ ሲሚንቶው እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ሲሚንቶና ብረቱን ለማስላት መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ አፈሩ የት ቦታ እንደሚከዳ የሚያውቀው ግን እዚያው ከብት ሲያግድ ያረጀ ሽማግሌ ነው። ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ተማሪ ነጥብ ያጣል፤ በሐውድ የተሳሳተ ሰው ግን ከብቱን ያጣል። ማስተዋል የሚበስለው ስሕተት ዋጋ በሚያስከፍልበት ስፍራ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት በብራዚል ሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ የሚነግዱ ልጆችን ፈትኖ ነበር። ልጆቹ በሚሸጡበት ቦታ ከቀረበላቸው ሒሳብ 98 በመቶውን በትክክል ሠሩ። ተመሳሳዩ ስሌት በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ግን ትክክል የሆነው 37 በመቶ ያህሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሕንድ የወጣ ጥናት ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽታ አሳየ፤ የገበያ ልጆች በትምህርት ቤቱ ሒሳብ እንደሚቸገሩ ሁሉ፣ የትምህርት ቤት ልጆችም በገበያው ሒሳብ ይቸገራሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ብርታትና የየራሳቸው ጉድለት አላቸው።

ማስተዋል ብቻውን ይበቃልን?

ይህን ስል ትምህርትን ለማቃለል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው የእንስሳት በሽታ በሳውዲ ዓረቢያና በየመን ተነሥቶ ብዙ ሰው ገደለ። ሳውዲ ዓረቢያም ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን የቁም ከብት ከለከለች። በበርበራ ወደብ በኩል የሚሸጠው ገበያ እስከ 2009 ድረስ ተዘጋ፤ የእኛ ክልል አርብቶ አደሮችም በዚህ ተጎዱ። ግመሉን ከሩቅ በአረማመዱ የሚለየው እረኛ በዓይን የማይታየውን ቫይረስ ሊያየው አይችልም። እዚያ ላይ ላቦራቶሪና የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል። ጥርት ብሎ የሚታየው የብርካ ውኃም ለሕፃን ከመሰጠቱ በፊት መፍላት እንዳለበት ያስተማረችን የጤና ባለሙያዋ ናት። ሰው ልምዱን ብቻ ከታመነ ልምዱ የማያሳየው ነገር ይጥለዋል።

ሙሴና ኦባብ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት ካገኙት ሰዎች አንዱ ሙሴ ነው፤ እስጢፋኖስ እንደ መሰከረው የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ ተምሮ ነበር (ሐዋ. 7፥22)። ነገር ግን ሕዝቡን ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ ያየውና ሥራውን እንዲያካፍል የመከረው የምድያሙ ዮቶር ነው (ዘጸ. 18፥13-24)። ሙሴም ምክሩን ሰማ።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በዘኁልቁ 10፥29-32 ያለው ታሪክ ነው። ሙሴ የሚስቱን ወገን ኦባብን አብሮአቸው እንዲጓዝ ይለምነዋል፤ በምድረ በዳው የት መስፈር እንደሚገባ ያውቃልና ለሕዝቡ እንደ ዓይን እንዲሆናቸው ይጠይቀዋል። ልብ እንበል፣ የደመናው ዓምድ በዚያው ጉዞ ላይ ይመራቸው ነበር! የእግዚአብሔር ምሪት ያለው፣ በግብፅ ቤተ መንግሥት የተማረው ሙሴ፣ አገሩን ለሚያውቅ ሰው «እባክህ አትተወን» ከማለት አላፈረም። እግዚአብሔር እየመራው ሰውን መጠየቁ የእምነት ጉድለት አልነበረም።

ሰሎሞንም በገባዖን የለመነውን እናስታውስ (1ኛ ነገ. 3፥9)። አስተዋይ ልብ ተብሎ የተተረጎመልን በዕብራይስጡ የሚሰማ ልብ ማለት ነው። እንግዲህ ማስተዋል ከጆሮ ይጀምራል። የተማረውንም ያልተማረውንም ሰነፍ የሚያደርገው ከሌላው አልሰማም ማለቱ ነው። ጳውሎስ በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሰው ነበር (ሐዋ. 22፥3)፤ በቆሮንቶስ ደግሞ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ይሠራ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለቱ ተስማምተው ኖሩ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ አንደበታችንን እንጠብቅ። ልጁ ካላጠና አላጠናህም እንበለው፤ እውነት ነውና። ነገር ግን በአንድ ፈተና ወረቀት ምክንያት «ደደብ» የሚል ስም አናውጣለት። እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው ወርቅና እንጨት እንዲሠራ፣ ድንጋይም እንዲቀርጽ ነው (ዘጸ. 31፥1-5)። ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚሄድ ልጅ ከጸጋ የወደቀ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ያለፈውንም ልጅ ለኑሮ እናዘጋጀው። የአንድ ሳምንት የአስቤዛ ገንዘብ በእጁ ሰጥተን ገበያ እንላከው፤ ተከራክሮ ይግዛ፣ የተረፈውን ይቁጠር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በወር መጀመሪያ ገንዘቡን ጨርሶ ከሚደውል እዚሁ ከእኛ ዘንድ ቢማረው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ልጅና ወላጅ ይማማሩ። ልጁ እናቱን ፊደል ያስቆጥራት፤ እርስዋም ዱቤ የሚሰጠውን ሰው በምን እንደምትለይ ትንገረው። በቤተ ክርስቲያናችንም ዕቅድና በጀት ሲወጣ ድግሪ ያላቸውን ብቻ ሳይሆን ስንት ዘመን ድግስ የመሩትን እናቶች እንጠይቅ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የተባለው ለሁላችንም ነው።

ጌታ ለልጆቻችን የሚመረምር አእምሮን፣ ለሁላችንም የሚሰማ ልብን ይስጠን። አሜን።