ፊርማዬ ያለበት መሬት

በመተማ ቆላ ካለችው ከሽንፋ ከተማ ወጣ ብሎ ዛሬ ዳር እስከ ዳር ሰሊጥ የሚዘራበት ዘንበል ያለ ሜዳ አለ። ያ ሜዳ የዋልያ መቀር ደን ነበር። ደኑ ተመንጥሮ ለእርሻ እንዲሰጥ ከቀረቡት ወረቀቶች አንዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ «ዛፎቹ አርጅተዋል፣ ምርታቸው ወርዷል፣ ቦታው ለእርሻ ቢውል የተሻለ ይጠቅማል» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ዛፎቹን እንዲያ ካደከሟቸው ሰዎች አንዱም እኔው ነበርሁ። ወረቀቱ ላይ ግን ይህ አልተጻፈም። ለንስሓ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህን እያለፍሁ ዓመታት ሄዱ። የሰው ደም አይደለም፣ የተሰረቀ ገንዘብም የለበትም፤ ከየት ጀምሬ ምን ብዬ እንደምናገረው አላውቅም ነበር።

ዋልያ መቀር የነጭ እጣን ዛፍ ነው። በቤተ ክርስቲያን በጽና የሚታጠነው፣ ቡና ሲፈላ ፍም ላይ ጣል የሚደረገው፣ አልፎም ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አውሮፓና ወደ ቻይና የሚላከው የአገራችን እጣን በብዛት ከዚህ ዛፍ ይገኛል። ከመተማና ከቋራ ቆላ ተነሥቶ በሁመራ በኩል እስከ ኤርትራ፣ በወዲያም እስከ ሱዳን፣ ሌላ ዛፍ በማይደፍረው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይቆማል። ክረምት ሲገባ ይለመልማል፤ መስከረም ካለፈ በኋላ ቅጠሉን ያራግፋል። የሚያብበውና የሚያፈራው ቅጠል በሌለው ጊዜ፣ በበጋው፣ ከግንዱ ካጠራቀመው ስንቅ እየቀነሰ ነው። እኛም የምናደማው በዚያው በበጋ ነው።

ሽንፋ የሄድሁት ከተመረቅሁ ብዙ ሳልቆይ፣ የእጣን ቦታ በውል ለያዘ አንድ ድርጅት የምርት ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው። ዛፉን የሚያደሙት ሰዎች የሚመጡት ከደጋ ነው፤ ከጎጃምና ከትግራይ። ጥቅምት ላይ ስንቃቸውንና ስለታም መፋቂያቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ዝናብ እስኪመጣ በረሃ ውስጥ ያድራሉ። ውኃ የሚቀዳው ከሩቅ ነው። ወባው ሰው ይመርጣል የሚባል አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቅርፊቱ በትንሹ ላጥ ይደረጋል፤ ከውስጡ ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ይወጣና አየር ሲያገኘው ይረጋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ የረጋው ይለቀማል፣ ቁስሉም በትንሹ ይሰፋል። እንዲህ እየተመላለሱ እስከ ክረምት መግቢያ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቀጭን ዛፍ ጥቂት ቁስል፣ ወፍራም ዛፍ ከዚያ በዛ ያለ፤ ምላጩ እንጨቱን እንዳይነካ፤ ያልደረሰ ዛፍ እንዳይነካ፤ የተደማ ዛፍ ደግሞ ዓመታት እንዲያርፍ። ይህን ሁሉ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ።

ውላችን ግን አጭር ነበር። ይታደስ አይታደስ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ዛፉ ለሚቀጥለው ሰው ቢያርፍ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ስሌት ነበር። ማንም በአፉ አልተናገረውም፤ እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። ለአንድ ዛፍ የሚፈቀደውን ቁስል አስጨመርሁ። ገና ያልደረሱትን ቀጫጭኖቹንም አስነካሁ። ማረፍ የነበረበትን ክፍል «ዘንድሮ ብቻ» እያልሁ ከዓመት ዓመት አስደማሁ። ምርቱ ሲጨምር ተመሰገንሁ፣ ጉርሻም ተቀበልሁ፤ በዚያ ገንዘብ ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ አለበስሁ። መጋዘን ውስጥ እጣኑን በደረጃ የሚለዩት ሴቶች «ፍሬው ደቀቀ፣ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ጠፋ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ለመፋቂያው ሰዎች ዙሩን እንዲያፈጥኑ ነገርኋቸው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አንድ የጎጃም ሰው ናቸው። በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምረው በየበጋው ወደዚህ በረሃ ይወርዱ ነበር። አንድ ቀን ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው፣

«ልጄ፣ እስኪ የዚህን ዛፍ ልጅ አሳየኝ» አሉኝ።

«አያ፣ ክረምት ይወጣ የለም እንዴ?» አልኋቸው።

«ክረምትማ ይወጣል። በጋ ይደርቃል፣ እሳት ይበላዋል፣ ከብት ይግጠዋል። እኔ አባቴን ተከትዬ የመጣሁ ጊዜ ያየሁት ይህንኑ ትልቅ ትልቁን ነው። ዛሬም የማየው እሱኑ ነው። መኻሉ የታለ?»

ዙሪያዬን አየሁ። ከጉልበት በታች ያሉ ችግኞች ነበሩ፤ የሚደሙት ትልልቆቹም ነበሩ። በሁለቱ መካከል፣ የሰው ክንድ የሚያህል ወጣት ዛፍ፣ አልነበረም። ይህን በዚያች ቅጽበት አይቻለሁ፤ አላየሁም ልል አልችልም። መልስ ስላልነበረኝ ሠራተኛ ሥራ ያስፈታሉ ብዬ ተቆጣኋቸው። በሚቀጥለው ዓመት ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ ስማቸውን አወጣሁት።

እሳቸው ያዩትን ተመራማሪዎች በኋላ የግንዱን የዕድገት ቀለበት ቆጥረው አረጋገጡት። ሞቱማ ቶለራና ባልደረቦቹ እዚሁ መተማ ውስጥ የዛፎቹን ዕድሜ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ችግኝ አድጎ ዛፍ እንዳልሆነ አሳዩ። ኤርትራ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ካልተደሙ ዛፎች የተለቀመ ዘር ከመቶው ከ80 በላይ ሲበቅል፣ ከተደሙት የተለቀመው ግን ከ16 ያልበለጠ ብቻ መብቀሉን አገኘ። ለዘሩ መሆን የነበረበትን ስንቅ በቁስሉ በኩል እየወሰድነው ነበር ማለት ነው። ፍራንስ ቦንገርስና ብዙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ቦታዎች የተሰበሰበውን መረጃ አጣምረው እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ውጤት ከዚህ ይከፋል። ከተጠኑት ደኖች ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች የሉም፤ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የእጣን ምርት በግማሽ ይወርዳል።

እነዚህን ጽሑፎች ሳነብ በመጀመሪያ የፈለግሁት ነጻ የሚያወጣኝን ዐረፍተ ነገር ነበር። አገኘሁትም። መተማ ውስጥ ያልተደማ ደንም ራሱን እንደማይተካ ተጽፏል፤ ችግኙን የሚፈጀው በዋናነት እሳትና ልቅ ግጦሽ ነው። የዋልያ መቀር ችግኝ በበጋ ከላይ ይደርቃል፣ ከሥሩ ግን ይቆያል፤ ሥሩ ጠንክሮ በጋውን ቆሞ እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ እየደረቀ ደጋግሞ ይበቅላል። በእነዚያ ዓመታት እሳት ካልማረው አይተርፍም። ታዲያ «እኔ ባላደማውም ይሞት ነበር» ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። መጽናናቱ ብዙ አልቆየም። በያዝነው ቦታ ዙሪያ እሳት መከላከያ መስመር ማጽዳት የእኛ ግዴታ ነበር፤ ሠራተኛ ከመፋቂያው እንዳይነሣብኝ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ከራሳችን ምግብ ማብሰያ ተነሥቶ ሣሩን የበላ እሳትም ነበር፤ በሪፖርቴ ውስጥ አልገባም። ከብት የሚገባበትን በር አውቀው ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ ብዙ የቆሰለ ግንድ ጥንዚዛ ይገባዋል፤ ውስጡ ይቦረቦርና ነፋስ ይጥለዋል። የወደቁትን ስቆጥር «እርጅና» ብዬ ጻፍሁ።

ድርጅቱ ቦታውን ለቅቆ ሄደ። እኔም መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባሁ። የሰሊጥ ዋጋ በተወደደበት ዘመን መሬት ፈላጊው በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ ያንን ቦታ የሚጠይቅ ባለሀብትም መጣ። ቦታውን ታውቀዋለህ ተብዬ የባለሙያ አስተያየት እንድሰጥ ተጠየቅሁ። መጀመሪያ የጠቀስሁት ወረቀት ያኔ የተጻፈ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ብር ያቀበለኝም የለም። ደኑ ይረፍ፣ ይታጠር፣ ይመለሳል ብዬ ብጽፍ «ማነው እንዲህ ያደረገው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል ብዬ ፈራሁ። ደኑ ከተመነጠረ ደግሞ የሚጠይቅ አይኖርም። እንዲያ ብዬ ነው የፈረምሁት።

ዶዘር ገባ። ዋልያ መቀሩ፣ በመካከሉ የነበረው ክርክራና ዞቢ፣ ሁሉም ተገፍቶ ተከመረና ተቃጠለ። ለቀናት ከተማው እጣን እጣን ሸተተ። ሰዎች ደስ የሚል ሽታ ነው ይሉ ነበር።

ሰሊጡን አልረግምም። ሰሊጥ ለአርሶ አደሩም፣ በየዓመቱ ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ ለሚወርደው፣ ሳሉግ ለሚባለው ሠራተኛም እንጀራ ነው፤ በሠፈራ ወደ መተማና ወደ ቋራ የመጣው ሕዝብም መሬት ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን እጣን በአብዛኛው የሚለቀመው ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነው፤ አዝመራ በሌለበት ወር ሥራ የሚሰጥ እሱ ነበር። አንዱ ለሌላው ቦታ መልቀቅ አልነበረበትም። እኔ ግን በጽሑፌ አንዱን ምረጡ አልኋቸው።

ያን ጊዜ ሁላችንም ይህን አገር «ባዶ በረሃ» እያልን እንጠራው ነበር፤ እኔም በአስተያየቴ ውስጥ ዱር አራዊት እንደሌለበት ጽፌአለሁ፤ አንድም ሌሊት ወጥቼ ሳላይ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በቋራው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ አረጋገጡ። አልጣሽ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሱዳን በኩል ከዲንደር ፓርክ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረ የጥንት ሰፈር ዜና ዓለምን አዳረሰ። ከ74 ሺህ ዓመት በፊት፣ ሩቁ የቶባ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር፤ ድርቁ ሲጠና ከወንዙ ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ፣ አውሬ እያደኑ አለፉት። ባዶ ያልሁት ምድር ክፉ ቀን ያሳለፈ ምድር ነው።

አዛውንቱን ፈልጌአቸዋለሁ። የአገራቸው ልጆች ሆነው ወደ በረሃ የሚመላለሱ ሰዎች አግኝቼ ስጠይቅ፣ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ይቅርታዬን የምለው ለእሳቸው ነበር፤ አሁን ለማን እንደምለው ስለማላውቅ እዚህ ጻፍሁት። ለመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ በፋይሉ ያለው የባለሙያ አስተያየት እውነት እንዳልሆነ፣ ዛፎቹ ያረጁት በዕድሜ ሳይሆን በእኛ እጅ እንደሆነ ይላል።

ከሜዳው በላይ ያለው ተረተር ገና አልተመነጠረም፤ ድንጋዩ ትራክተር አያስገባም። እዚያ የቀሩት ዋልያ መቀሮች ቁስላቸው ቢበዛም ቆመዋል። ውሉን ለያዛችሁና ለምትይዙት፦ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት አታድሟቸው። ሣሩ ሳይደርቅ የእሳት መከላከያውን መስመር ጥረጉ። ከብት ከችግኙ ላይ እንዲርቅ ከእረኞቹ ጋር ተስማሙ፤ ጠይቋቸው እንጂ አይከፉም። ከቅርንጫፍ ቆርጦ በመትከል ዛፉ እንደሚጸድቅ በትግራይ ተሞክሯል፤ ከዝናቡ በፊት ሞክሩት። አንድ ሰው መጥቶ ያ ተረተር አርጅቷል፣ ለሌላ ይዋል ብሎ ከጻፈ ደግሞ ጥሩኝ። ያን ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ መጥቼ እመሰክርበታለሁ።