«ጋሼ፣ ፍሬን የለውም እንዴ?»

ረዘም ያለ ፖስት ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። «ብሎወሩን አሳደግከው ወይስ ተውከው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ ሁሉ መልሱ ይኸው።

መኪናዬን ታውቋታላችሁ። አሮጌ ኮሮላ፣ 1.6 ሊትር፣ ፎር ኤ ኤፍ ኢ ሞተር። የሰፈር ልጆች «አያቴ» ነው የሚሏት። የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ያገለገለ ኤስ ሲ 12 ሱፐርቻርጀር በሻንጣ ይዞልኝ መጣና ከመካኒኬ ጋር ሁለት ወር ታግለን ገጠምነው። ቶዮታ በ1980ዎቹ (በነጮቹ አቆጣጠር) ፎር ኤ ጂ ዚ ኢ በሚባለው ሞተር ላይ የገጠመው ብሎወር ነው።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ነው። ሱፐርቻርጀር ከሞተሩ በቺንጋ እየዞረ አየር በግድ የሚያጎርስ ፓምፕ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይሄ ቅንጦት ብቻ አይደለም። ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጅቡቲ ላይ 100 ፈረስ የሚጎትት ተራ ሞተር እዚህ ወደ 75 ይወርዳል ማለት ነው። ዳገት ላይ መኪናችሁ ሲያለከልክ ጥፋቱ ሁሌ የመካኒኩ አይደለም።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። የኔ ሞተር በአንድ ዙር 0.8 ሊትር አየር ይውጣል። ኤስ ሲ 12 በአንድ ዙር 1.2 ሊትር ይገፋል። እኩል ቢዞሩ አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑ ነው። ግን አንድ ተኩል እጥፉ የሚሰላው ከዚሁ ከሳሳው አየራችን ነው፤ ሦስት አራተኛን በአንድ ተኩል ስታባዙት ከአንድ ትንሽ ነው የሚያልፈው። ብሎወሩ መጀመሪያ ከፍታው የወሰደብንን ይመልሳል፣ ከዚያ ትንሽ ይመርቃል። እኔ ደግሞ ምርቃቱ አነሰኝ።

ሦስት መንገድ ነበረኝ።

አንደኛው ትንሽ ፑሊ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶርኖ ቤት ያስቆርጡታል። ብሎወሩ በፍጥነት ይዞራል፣ አየር ይጨምራል። ችግሩ ሙቀት ነው፤ አሮጌ ብሎወር ከአቅሙ በላይ ሲዞር አየሩን ያፈላዋል። የፈላ አየር ቦታ ይይዛል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ይባስ ብሎ ካንዴላው ሳይለኩሰው ቤንዚኑ በራሱ ይቀጣጠልና ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ቶዮታ ለዚህ ብሎወር ብሎ የሠራው የመጀመሪያው ሞተር ጭመቃው 8 ለ1 ነበር፣ የኔ 9.5 ለ1 ነው። ማንኳኳቱን ችላ ያለ ሰው የሚከፍለው በፒስተን ነው።

ሁለተኛው ኤስ ሲ 14 ነው። በአንድ ዙር 1.4 ሊትር ይገፋል፤ ያንኑ አየር ለመስጠት ቀስ ብሎ መዞር ይበቃዋል፣ ስለዚህ ይቀዘቅዛል። ሶማሌ ተራ ያለ ወዳጄ ለሁለት ሳምንት አዋሰኝ።

ሦስተኛው ብሎወሩን አውልቆ ተርቦ ማስገባት ነው። እውነቱን ለመናገር ለከፍታ አገር ተርቦ ይሻላል። የሚዞረው በጭስ ማውጫው ግፊት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ፈጥኖ እየዞረ ያካክሳል። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የአውሮፕላን ሞተር ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥተው ተርቦ የሞከሩት ለዚሁ ነበር። ግን ማኒፎልዱን መበየድ፣ ዘይት መሳብ፣ ነዳጁን እንደገና ማስተካከል አለ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ረግጠህ ትንሽ ትጠብቀዋለህ፤ ብሎወር ወዲያው ነው የሚመልስ። ኪሴ ስላልቻለ ተርቦውን ተውኩት።

ሁለቱን ለካኋቸው። ያው ዳገት፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ከ40 እስከ 80፣ በስልክ ሰዓት። ድሮ ያለ ብሎወር 11 ሰከንድ። ኤስ ሲ 12 በራሱ ፑሊ 8። በትንሹ ፑሊ መጀመሪያ 7.5፣ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ግን ሞቆ 8.5። ኤስ ሲ 14 ሦስቱንም ጊዜ 7። አሸናፊው ግልጽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ሰፈር ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል። ብሎወር ብዙ ስለሚስብ የቆሼን አቧራና ጭስም አብሮ ይስባል። ፊልትሮ ሳትቀይሩ ብሎወር አትግጠሙ።

እዚህ ድረስ ለምታውቁኝ ሰዎች የተለመደ ወሬ ነው። ያልነገርኳችሁ የመጨረሻውን ቀን ነው።

ኤስ ሲ 14ን ለመመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ከአየር ጤና ወደ ጀሞ በሚወስደው ቀለበት መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ነው ብዬ ነው። የቆሼ ልጅ ሆኜ እንደዚያ ማሰቤ ነው የሚያሳፍረኝ። በዚያ ሰዓት ማን ተነስቶ ጆንያውን እንደሚይዝ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

ልጁን ያየሁት መብራቴ ውስጥ ሲገባ ነው። ፍሬኑን ረገጥኩት። የፊቱ አሮጌ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡሮ፣ ሸራው የዛሬ ሦስት ዓመት የተቀየረ። መኪናዋ ጮኸች፣ ወደ ግራ ሳበችኝ፣ አልቆመችም። ልጁ ጆንያውን ጥሎ ዘለለ። የቆምኩት ጆንያውን ካለፍኩ በኋላ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ መንገዱን ሞላው።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ወረድኩ። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየና፣

«ጋሼ፣ ፍሬን የለውም እንዴ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጠርሙሶቹን አብሬው ለቀምኩ። ያለኝን ብር ስሰጠው ቆጥሮ ኪሱ ከተተና ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ አልነገርኳትም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲቀበር እሷ ለቅሶ ከቤት ቤት ስትዞር ነው የከረመችው። ያን ጊዜ «ክምሩ እንዲህ እስኪቆለል ማን ዝም አለ?» እያልን ስንቆጣ ነበር፣ እኔም ጭምር። አሁን እኔ ጉልበት ላይ ጉልበት ስከምር ማቆሚያው የት አለ ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ያህል እንደሚሆን መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ተምሬዋለሁ። ሰከንድ ስቆጥር የከረምኩት ግን ለመነሳት ብቻ ነው፤ ለመቆም አንድ ቀን አልለካሁም።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው። ኤስ ሲ 14 ይሻላል፣ ግን አልገዛሁትም። ብሩ ለዲስክ፣ ለሸራ፣ ለፍሬን ዘይትና ለአራት ጎማ ሄደ። አሮጌው ኤስ ሲ 12 በራሱ ፑሊ ተመልሷል። መንገድ ላይ መለካትም አቁሜአለሁ።

ብሎወር ልትገጥሙ ያሰባችሁ ወንድሞቼ፣ ቅደም ተከተሉ ፍሬን፣ ጎማ፣ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ አየር ነው። ልጁን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። መኪናዋን ሲያይ እየሳቀ እግሩን እንደ ፍሬን መሬት ላይ ይረግጥልኛል። እኔም እቆማለሁ።

ደህና እደሩልኝ።