አሳማው መቼ ይታወቅ?

የጆርጅ ኦርዌልን «አኒማል ፋርም» ለመድረክ ስናዘጋጅ ራስ ምታት የሆነብን ቋንቋው አይደለም፤ አሳማው ነው። መካኒሳ በተከራየናት ክፍል ሦስት ማታ የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው።

በ1937 ዓ.ም. ለንደን ላይ የታተመው ይህ መጽሐፍ አሳማዎቹን በቅድሚያ እንድናምናቸው ይፈልጋል። ፊደል የቆጠሩ፣ ጌታቸውን ለማባረር ሌላውን ያነቁ ናቸውና። ክህደቱ የሚያንገበግበው እምነት ስለነበረ ነው። እኛ አገር ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማን ይጸየፋል። ገና መጋረጃው ተገልጦ አሳማ ብቅ ሲል ተመልካች ፍርዱን ጨርሶ ቁጭ ይላል። ታዲያ ከዚያ ወዲያ ምን ይጠብቃል?

«በጦጣ እንለውጠው» ያለ አልጠፋም። ጦጣ በተረታችን ብልጥ ናት፣ ትወደዳለችም። ነገር ግን መጨረሻ ላይ አሳማዎቹ በሁለት እግር መሄዳቸው ነው የሚያስደነግጠው፤ ጦጣ ብትቆም ማን ይደነግጣል?

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን በ1910ዎቹ ሲያሳዩ መኳንንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ ታገደ። የሳቸው አውሬ ቶሎ እንዲታወቅ የተጻፈ ነው። የኛ ደግሞ ዘግይቶ መታወቅ አለበት።

ፒተር ሆል በ1976 ዓ.ም. ለንደን ብሔራዊ ቴአትር ላይ ሲያዘጋጀው ተዋንያኑን ጭንብል አልብሷቸው ነበር። እኛ ናፖሊዮንንና ጓደኞቹን ያለ ጭንብል፣ በስማቸው ብቻ ልናስገባቸው አሰብን። «አሳማ» የሚለው ቃል አይነሳም። ጭንብሉን የሚያጠልቁት መጨረሻ ላይ፣ ከሰዎቹ ጋር ገበታ ሲቀርቡ ነው።

ቦክሰር ግን ከመጀመሪያው ፈረስ ይሁን። አንዳንዶቻችን በሬ ይሁን ብለን ነበር፤ ሞፈር ቀንበሩ ያምራል። ሆኖም በሬ መታረዱ እኛ ዘንድ ክህደት አይደለም፣ ቅርጫ ነው! የጋሪ ፈረስ ሲያረጅ ከተማ ዳር ለጅብ መጣሉን ግን ያየ ያውቀዋል። የአህያ ቄራም ቢሆን በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ ብዙ ሳይቆይ በሕዝብ ተቃውሞ ተዘግቷል። ስለዚህ ቦክሰርን የሚወስደው መኪና ጎኑ ላይ የተጻፈውን ተመልካች ከእንስሳቱ ቀድሞ ያንብበው።

ስኩዊለርን የሚሠራው ጓደኛችን እስካሁን አልተስማማም። «የኦርዌል አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ አሳማ መሆናቸውን እያወቀ ነው ያመናቸው፤ የኛን ሰው ለምን ትንቁታላችሁ?» ይለናል። መልስ አላገኘንለትም። ቅዳሜ የግቢውን ጎረቤቶች ጠርተን መጀመሪያውን ትዕይንት አንዴ በጭንብል፣ አንዴ ያለ ጭንብል እናሳያቸዋለን።