እንዶዱ ደጋ፣ በሽታው ቆላ

መካነ ሰላም ያደገ ሰው እንዶድን የሚያውቀው ማንም ሳያስተምረው ነው። በልጅነቴ በወሎ ቦረና ውስጥ እንዶድ ያልተሳበበት አጥር ማየት ይቸግር ነበር። ሴቶቹ ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ ለቅመው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲደርቅ ይወቅጡትና በውሃ ይበጠብጡታል፤ ከዚያ ጋቢውንና ነጠላውን ወንዝ ዳር በእግራቸው እየረገጡ ያጥቡበታል። አረፋው ቁልቁል ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ የሚከታተል አልነበረም። እኛ ልጆቹ እንኳ ዓይን ያቃጥላል ብለን ለመዋኘት ከላይ በኩል እንገባ ነበር።

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በላብራቶሪ ረዳትነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከእንዶድ ጋር መሆኑን ለእናቴ ስነግራት፣ «ልብስ ልታጥብ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው?» አለችኝ። ዋናው ሥራዬ ቀንድ አውጣ መቀለብ መሆኑን ደፍሬ አልነገርኳትም።

ኢንስቲትዩቱን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቋቋሙት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እኔ ስገባ እሳቸው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ሄደዋል፤ ታሪካቸውን ግን ነባሮቹ ሠራተኞች እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግሙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ለማጥናት ዓድዋ ወርደው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፍፎ ያያሉ። ቢልሃርዚያ ያለ ቀንድ አውጣ አይተላለፍም፤ መላው ነገር የተነሳው ከዚያች ምልከታ ነው። እንዶድ ላይ ለዓመታት የደከሙት የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከየአገሩ ፍሬ ሰብስበው፣ ብርቱ የሆነውን ዝርያ ለመምረጥ ይተክሉ ነበር። ብዙ ሰው አክሊሉን ጠርቶ ለገሠን ይረሳል፤ እኔ አይዋጥልኝም።

የቀንድ አውጣው ክፍል ሞቅ ያለና የረጠበ ሣር ሽታ ያለው ነበር። በመስተዋት ገንዳዎቹ ውስጥ ጠፍጣፋና ቡናማ ቅርፊት ያላቸው ቀንድ አውጦች ሰላጣ ይበላሉ፤ የገበያው ሰላጣ ሲወደድ ከእኛ ምሳ በፊት የሚታሰበው የእነሱ ነበር። መታመማቸውን ለማወቅ አንዷን ውሃ ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አስገብተን መብራት ሥር እናስቀምጣታለን። ጥቂት ቆይቶ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ነጫጭ ነገሮች ከእሷ እየወጡ ውሃው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። በማጉያ ሲታዩ ጭራቸው መንታ ነው። የሰው ቆዳ በስተው የሚገቡት እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት እጄን ስንቴ እንደታጠብኩ አላስታውስም።

ለመስክ ሥራ ወሎ ስንሄድ መዳረሻችን ኮምቦልቻና ቦርከና ወንዝ ዳር ነበር። ቦቲ ጫማና የጎማ ጓንት አድርገን ረጅም ዘንግ ባለው ወንፊት የውሃውን ሣር ሥር እንዘግናለን፤ ከአጠገባችን ልጆች ራቁታቸውን ይዋኛሉ። አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ለእናንተ ጓንት ያስፈለገው ውሃ ለእነዚህ ምነው ደግ ሆነ?» አሉን። የመለሰላቸው ሰው አልነበረም።

የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል፤ እንዶዱ ግን እንደኛ አገር ባለ ደጋ ይደላዋል። የቦረና ሰው ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ሆዱ ውስጥ በሽታ ይዞ ይመለሳል፤ መድኃኒቱ የራሱ አጥር ላይ ተንጠልጥሏል።

ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ፣ ወንዞቹ በእንዶድ ከታከሙ በኋላ በሕፃናቱ ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ይህም ሆኖ ዓለም አቀፍ ተቋማት መርዛማነቱ በእነሱ ደረጃ ይፈተሽ ብለው ነገሩን ለዓመታት አጓተቱት። ጥያቄው መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ግን ውሃ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይፈርሳል፤ ከውጭ በውድ ለሚገዛው ኬሚካል የነበረው ትዕግሥት ደግሞ ለገበሬው ፍሬ አልነበረም። ቆይቶ ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል መጣ፤ ሕመምተኛውን በርካሽ ስለሚያድን ስለ ወንዙ የሚያስብ ሰው ተመናመነ። ሰውየው ድኖ እዚያው ውሃ ይመለሳል፤ እንደገና ይያዛል።

በ1982 ዓ.ም. አክሊሉና ለገሠ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ማግኘታቸው ሲሰማ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በኋላም አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው፣ የሐይቅ ውሃ ቧንቧ የሚዘጋ ቅርፊታም እንስሳ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል አረጋገጡ። የባለቤትነት መብቱም እዚያው ተመዘገበ። የእናቶቻችን ሳሙና በውጭ አገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር መኩራትም መቆጨትም ያሰኛል።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ፤ ኢንስቲትዩቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አሁን መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። እዚያ ባዮሎጂ የምትማሩ ልጆች፣ የትኛው አጥር ላይ ያለው እንዶድ አረፋው እንደሚበረታ የሚያውቁት አሮጊቶቻችሁ ናቸው። ኦሞና ሳሙና ዕውቀታቸውን ጨርሶ ሳያስረሳ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ፍሬውንም ላብራቶሪ አስገቡት።