ከጎመን መደብ የምትነሣው የእሳት እራት

ከቃሊቲ ቁልቁል ወደ አቃቂ ወንዝ ሲወርዱ፣ በዳርቻው የአትክልት መደብ ያገኛሉ። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት እናት ጎመን ሲቀነጥሱ ደረስኩ። ቅጠሉን በነኩ ቁጥር ግራጫ ነገር ብን ብሎ ይነሣና ወዲያው ያርፋል። «አቧራ ነው ስል ከርሜ፣ ለካ ነፍስ አለው!» አሉኝ።

ጠጋ ብለን አየናት፤ የእሳት እራት ናት። እንደ ዘመዶቿ የምታዘወትረው ምሽትን ቢሆንም፣ ማረፊያዋ ሲነካ በቀንም ትበራለች። ርዝመቷ አንድ ሳንቲሜትር አይሞላም። ስታርፍ ክንፎቿን እንደ ብዙዎቹ ቢራቢሮዎች ወደ ላይ አታቆምም፤ እንደ ጣሪያ ትከድናቸዋለች። ጀርባዋ ላይም እንደ ነጠላ ጥለት የተደረደሩ ነጣ ያሉ ባለ ማዕዘን ቅርጾች ይታያሉ። ጎመኑን የሚበሳው ግን አረንጓዴ ትሏ ነው፤ ሲነኩት እየተወራጨ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በቀጭን ክርም ተንጠልጥሎ ይወርዳል።

ወይዘሮዋ መርዝ ሊገዙ አስበው ነበር። ይህች ተባይ ግን በ1953 እ.ኤ.አ. በጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሟ የታወቀ፣ መርዝ ቶሎ የምትለምድ ናት፤ ትርፉ ለልጆቻችን ሳህን ነው። ለጥቂት መደብ የእጅ ለቀማ ይበጃል፦ ቅጠሉን እየገለበጡ ትሉን መልቀም፣ ያረጀውን የጎመን ግንድም ነቅሎ መቅበር።

እናቶች፣ ከጎመናችሁ ላይ ብን የሚለውን አቧራ ነው ብላችሁ አትለፉት።