ቤት በአንድ ቀን አይጠራም



በብዙዎቻችን ቤት ትልቁ ጽዳት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ሸዕባን ሊያልቅ ሲል ረመዳንን ለመቀበል፣ ከዚያ ደግሞ ዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው። ምንጣፉ ይወጣል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ብፌው ከግድግዳው ይሳባል፣ ከኋላውም ዓመት ሙሉ ሲፈለግ የነበረው የሪሞት ክዳን ይገኛል። ማታ ሁሉም ወገቡን ይዞ ይተኛል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግን በዚያ ሁሉ ድካም ከቤት የሚወጣው አቧራው ብቻ ነው። ዕቃው ተወልውሎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ተወልውሎ ይመለሳል።

በዚያ ላይ ወቅቱን እኛ አንመርጠውም። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል። በ2006 እና በ2007 እ.ኢ.አ. የጾምነው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነበር። በዚያ ጊዜ "ረመዳን ሊገባ ነው" ብሎ ምንጣፍ ያጠበ ሰው ያስታውሰዋል፤ ዝናቡ አላደርቅ ብሎ ቤቱ ሁሉ እርጥብ በግ እርጥብ በግ ይሸት ነበር።

እኛ ቤት ውስጥ አምስት ነን። እናታችን፣ ሦስት ልጆች፣ አሁን ደግሞ አያታችን። አንዷ እህታችን ጅዳ ናት። ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። አባታችን (አላህ ይዘንለት) ወደ አኺራ ከሄደ በኋላ ትንሿ ክፍል የእሱ ዕቃ እንደነበረ ቀረባት። በላዩ ላይ የቤቱ ትርፍ ሁሉ እየተከመረ በሩ በግማሽ ብቻ የሚከፈት ሆነ። አያታችን፣ የአባታችን እናት፣ ከደሴ መጥታ ከእኛ ጋር እንድትኖር ሲወሰን የምትተኛበት ሌላ ቦታ አልነበረም። ያለን ጊዜ አንድ ዓመት ነው።

አንድ ዘመዳችን "አይሱዙ ጥሩና በአንድ ቅዳሜ ተገላገሉ" አለን። እናታችን አልተቀበለችውም። "የማንን ዕቃ ነው ለማን የምትሰጡት?" አለች። ያኔ የሐዘን ንግግር መስሎን ነበር የሰማነው። ወራት አልፈው ነው የቤቱ ሥራ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ እንደቆመ የገባን።

በስልክ የምናየው የውጭ ሰዎች ምክር ከዘመዳችን ጋር ይስማማል። በዓለም የታወቀችው ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ቤት ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ዘመቻ፣ ክፍል በክፍል ሳይሆን በዕቃ ዓይነት ይስተካከል ባይ ናት። መጀመሪያ ልብስ፣ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ ቀጥሎ ወረቀት፣ ከዚያ ልዩ ልዩ ዕቃ፣ መጨረሻ ላይ ትዝታ ያለበት። ዕቃውን በእጅ ይዞ ደስታ ይሰጠኝ እንደሆነ መጠየቅም የእሷ ነው። ትዝታ ያለበትን መጨረሻ ማድረጓን ወደነዋል፣ ብልህነት ነው። ጥያቄዋ ግን እኛ ቤት አይሠራም። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ማንንም ደስ አሰኝቶ አያውቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ስድስት ጀሪካን ኑሮ እንጂ ትርፍ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ እኛ የጠየቅነው ሌላ ነው፦ ይህ የማን ነው? ባለፈው አንድ ዓመት ማን ነካው?

ሥራውን ከሙሐረም ጀመርን፣ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ። አዲስ አበባ ላይ በሁለቱ ሶላቶች መሃል ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። አዛን ሲል ይቆማል፣ ያላለቀው ለሚቀጥለው ሐሙስ ያድራል። በአንድ ሐሙስ አንድ ቦታ ብቻ፤ አንድ መሳቢያ፣ አንድ የቁም ሳጥን መደርደሪያ፣ ወይ ከአልጋ ሥር ያለ አንድ ሻንጣ። የተለየው ዕቃ ደግሞ ቅዳሜ ሳይመሽ ከቤት መውጣት አለበት። ይህችን አጥብቃችሁ ያዙልን። ኮሪደር ላይ የተቀመጠ "የሚሰጥ" ፌስታል በሦስተኛው ቀን ተፈትቶ ግማሹ ወደ ቁም ሳጥን ይመለሳል። በረመዳን አቆምን፤ ከመግሪብ በኋላ ያለው ጊዜ ሌላ ሥራ አለው።

ማዕድ ቤቱ ቀላሉ ነበር። ክዳን የሌለው ሳህን፣ ሳህን የሌለው ክዳን፣ የአይስክሬም ባልዲ፣ የማር ጠርሙስ። "ለአንድ ነገር ይሆናል" የሚባል ዕቃ የሚሆንለት ነገር መጥቶ አያውቅም። የብፌው ስኒና ብርጭቆ ላይ ግን ከእናታችን ጋር ተከራክረናል። "ለእንግዳ ነው" ትላለች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "ይሰበራል" ብላ የዕለቱን ታወጣለች! በመጨረሻ ግማሹ የዕለት ሆኖ ወረደ። ሁለት ተሰበሩ፣ ማንም አላለቀሰም። ትልልቆቹን ድስቶች አልቸኮልንባቸውም፣ ዙልሒጃ ድረስ ጠበቅናቸው። በዒደል አድሓ የትኛው እንደሚወጣና የትኛው እንደማይወጣ በዓሉ ራሱ ያሳያል። ያልወጡት ሁለቱ ለሰፈራችን ዕድር ተሰጡ። ለሐዘንም ለደስታም ከዚያ እየተወሰደ የሚሠራበት ስለሆነ፣ ድስቱ ከአልጋ ሥር ከነበረው ይልቅ አሁን ለእኛም የበለጠ ቅርብ ነው። ብርድ ልብስንም እንዲሁ ክረምት ይፈርድበታል። ዓመቱን ሙሉ መሥራት የሚበጀው ለዚህም ጭምር ነው፤ በጥር ላይ ቆሞ የሐምሌን ልብስ መመዘን አይቻልም።

ብርድ ልብስ ካልን አይቀር። ጅዳ ያለችው እህታችን ሰው ባገኘች ቁጥር ትልካለች። ባለ ሁለት ፊት ብርድ ልብስ፣ መስገጃ፣ ፔርሙዝ፣ ሽቶ። አራቱ ብርድ ልብሶች ዚፕ ባለው ላስቲካቸው እንዳሉ ተደርድረው ነበር። በሰው ቤት ላቧ ተንጠፍጥፎ የገዛችውን መስጠት ለሁላችንም ከበደን። መነካካቱም ራሱ ክህደት መሰለን። በኢሞ ደውለን ስናሳያት መጀመሪያ ሳቀች። "ገና በላስቲኩ ነው እንዴ? እኔ እዚህ እናንተ ሞቋችሁ እየተኛችሁ ነው ብዬ ነው የምተኛው" አለችን። ከዚያ ዝም አለች። "እማዬ አንዱን ዛሬ ትልበስ፣ አንዱ ለአያቴ፣ ሁለቱን ለሚበርደው ስጡ። ከእንግዲህ ደግሞ ስትፈልጉ ንገሩኝ፣ ሳትፈልጉ ብሩን ላስቀምጥ" አለች። ከዚያ ወር ጀምሮ የሚላክ ዕቃ የለም። ወደ አገር የምትመለስበትን ብር እያጠራቀመች ነው። ውጭ አገር እህት ወይም እናት ያላችሁ፣ ካሜራውን ወደ ቁም ሳጥኑ አዙራችሁ አሳዩዋቸው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የአባታችን ወረቀት በሁለት የብስኩት ቆርቆሮና በአንድ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። የሱቅ ደረሰኝ፣ የመብራት ቢል፣ የሞተ የሎተሪ ወረቀት ሳይቀር። ዘመዳችን ያላት አይሱዙ መጥታ ቢሆን ኖሮ ጆንያው መጀመሪያ የሚጫነው ነበር። እኛ ግን በሐሙስ በሐሙስ፣ አንድ እፍኝ አንድ እፍኝ እያልን አነበብነው። ሰባት ሐሙስ ፈጀ። በአምስተኛው ላይ አንዲት የኪስ ደብተር ወጣች። በአባታችን የእጅ ጽሑፍ፣ ኮምቦልቻ ካሉ አንድ የጨርቅ ነጋዴ 18,500 ብር የጨርቅ ዕዳ እንዳለበት፣ ቀኑም ተጽፏል። ከተጻፈበት ቀን ሁለት ወር ሳይሞላ ነው የሞተው።

በጀናዛው ላይ እንደ ደንቡ "ዕዳ ያለበት ሰው ካለ እኛ አለን" ተብሎ ተነግሮ ነበር። ሰውየው ግን ሌላ ከተማ ነበሩ። ደብተሯ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም። በሁለተኛው ሳምንት በዘመድ ዘመድ አገኘናቸው። ታላቅ ወንድማችን ስለ ደብተሯ ሲነግራቸው ስልኩ ላይ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። መሞቱን ሰምተዋል። "የቲም ላሳደገች ሴት ደውዬ ብር አምጪ ልበል?" አሉ። ለመጠየቅ አፍረው ነው የተቀመጡት፣ የልባቸውን ግን አላህ ያውቃል። ብሩን ተቀበሉ። ሱቃቸው ቀዝቅዞ እንደነበርም አልደበቁንም። የአባታችን ሱቅ ዕቃ ተሸጦ ሳይከፋፈል ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ተከፈለ። ከውርስ በፊት ዕዳ እንደሚቀድም ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ እናውቃለን። ዕዳው የብስኩት ቆርቆሮ አጠገብ ጆንያ ውስጥ ሊተኛ እንደሚችል ግን ማን ያስባል? እናታችን በዚያ ማታ ሱጁድ ላይ ብዙ ቆየች።

ልብሱን የነካነው ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የመስጂዳችንን ሸህ ጠየቅን። መልሳቸው አጭር ነበር፦ የሟች ልብስ ውርስ ነው፣ ኮቱም ኮፊያውም ሰዓቱም። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወራሽ የራሱን ድርሻ ይለግስ፤ የልጁን ድርሻ ግን እናቱም ብትሆን ለሰደቃ ልትሰጠው አትችልም። ታናሽ ወንድማችን የ10 ዓመት ልጅ ነው። አያታችንም እናቱ ናትና ከስድስት አንድ አላት፣ ሚስት ደግሞ ከስምንት አንድ፣ የተረፈው ለልጆች፣ ለወንድ የሴት እጥፍ። የእናታችን "የማንን ዕቃ ነው?" የሚለው ጥያቄ ይህ ነበር።

ሁለት የሰልባጅ ነጋዴዎች መጥተው ልብሱን፣ ሰዓቱን፣ ሬዲዮኑን ገመቱ። በጠቅላላው 9,000 ብር። የትንሹ ድርሻ 2,125 ብር ሆነ፣ እኛ ታላላቆቹ አዋጥተን ከወለድ ነፃ በሆነ የባንክ ሒሳብ በስሙ አስገባንለት። "በአባዬ ብር ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አልነው። አሁን የባንክ ደብተሩን የሚያስቀምጠው ከትምህርት ቤት ሰርተፍኬቱ ጋር ነው። አያታችን በስልክ ድርሻዋን ለሰደቃ ፈቀደች፣ አንድ ነገር ብቻ አስቀረች፦ ቡናማውን የሱፍ ኮት።

ልብስ ስትሰጡ ቁልፍ የሌለውን ቁልፍ ትከሉበት፣ እጠቡት፣ ተኩሱት። ለእኛ ቢሰጠን ፊታችንን የምናዞርበትን ነገር ለሰደቃ መምረጥ በሱረቱል በቀራ የተከለከለ ነው። ከመስጠት ደረጃ በታች የሆነው መንገድ አለው። ያረጀ ልብስና ጫማ ይዛችሁ "ልዋጭ!" የሚለውን ልጅ ብትጠብቁ ፕላስቲክ ሳህን ይሰጣችኋል (አንድ ዕቃ አስወጥቶ ሌላ ማስገባት ነውና እኛ ብሩን ነው የመረጥነው)። ብረት፣ ጠርሙስና የተበላሸ ምጣድ ለቆራሌው ነው። እሱ የሚወስደው መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ተመልሶ ዕቃ ይሆናል። የእኛ ቤት ቆሻሻ የስንቱ እንጀራ እንደሆነ እዚያ ሄዶ ማየት ነው።

አንድ ነገር ግን ለቆራሌም ለገንዳም አይሆንም። አባታችን ሲቀራበት የኖረው ሙስሐፍ ጥራዙ ተፈቶ ገጾቹ ተበታትነው ነበር። የተጎዳ ሙስሐፍን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሎ እግር በማይረግጠው ንጹህ ቦታ መቅበርን የመረጡ ዑለማዎች አሉ፤ ማቃጠልን የመረጡት ደግሞ ሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ.) ያደረጉትን ይጠቅሳሉ። እኛ መስጂድ ወሰድነው፣ እዚያ ተሰብስቦ ይቀበራል። የአላህ ስም ያለበትን የግድግዳ ካላንደር፣ የመድረሳ ደብተርና የሠርግ መጥሪያም አብረን ለይተን ወሰድን። ይህን የሚለይ ዓይን በአንድ ቅዳሜ ሩጫ አይገኝም።

የተውሶ ዕቃም ብዙ ወጣ። የጎረቤት መሰላል፣ የሌላ ሰው ኪታብ ስሙ ተጽፎበት፣ የማን እንደሆነ እስካሁን ያላወቅነው የሕፃን ጋሪ። ለኪታቡ ባለቤት ስንመልስለት የጠፋበትን ዓመት ነገረን፣ እኛም ሳናከራክር ተቀበልን።

ክፍሉ በሸዋል አለቀ። አሁን አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ መስገጃና መስኮት አለው። አያታችን በማለዳ ለፈጅር ስትነሳ ከጀለቢያዋ ላይ ያንን ቡናማ ኮት ትደርባለች፣ እጅጌው እስከ ጣቷ ይደርሳል። ሐሙሱ ግን አልቆመም። የቀረን የበረንዳው ቆጥ ነው። እሱን ደግሞ አያታችን "አትንኩብኝ" ብላለች፤ የከሰል ምድጃዋንና ከደሴ ያመጣችውን ሁለት ጀበና እዚያ አስቀምጣለች። "ይሄንንስ ማን ነካው ትላላችሁ?" ትለናለች፣ ቡናውን እየቆላች።