ከመጋረጃው በስተኋላ

በጎጃም፥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። በጎጃም አገር የቅኔ ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። የቅኔ መምህርም ለደቀ መዝሙሩ፥ በላይ የሚታየው ሰም፥ በውስጥ የተሰወረው ወርቅ መሆኑን ያስረዳዋል። በሰሙ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይስታል። ለዚህም በሩቅ አገር የሆነ አንድ ታሪክ ምስክር ነው።

በትልልቅ ከተሞች ምትሐት የሚታይባቸው የትርኢት ቤቶች አሉ። ምትሐተኛው ባዶ ሣጥን ከፍቶ ያሳያል፤ ዘግቶ ሲከፍተው ግን ከውስጡ ሰው ይወጣል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን ባየ ጊዜ «የሰይጣን ሥራ ነው» ይላል። በአዲስ አበባም የተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳያ ቤት በመጀመሪያ በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ዳሩ ግን በሁለቱም ስፍራ የነበረው የሰው ሥራ ነው።

መጋረጃውን ገልጦ ወደ ኋላ የሚመለከት ሰው፥ አናጢው ለሣጥኑ ስውር በር ሲያበጅ፥ ልብስ ሰፊዋ በቀሚሱ ውስጥ ድብቅ ኪስ ስትሰፋ፥ መብራት ያዡም የትኛው ስፍራ እንዲጨልም ሲለካ ያያል። በሣጥኑ የምትሸሸገው ረዳት ጠባቡን ስፍራ እስክትለምድ ድረስ ደጋግማ ትገባለች፥ ትወጣለች። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለአንዱ ነው፤ የደከሙት ግን ብዙዎች ናቸው። ትርኢቱ ሰም ነው፤ ድካሙ ግን ወርቅ ነው።

ከእነዚህ ስውር ሠራተኞች አንዱ ዊልያም ሮቢንሰን ነበረ። እርሱም በ1853 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ተወለደ። በጐልማሳነቱ ሃሪ ኬላርና አሌክሳንደር ሄርማን ለሚባሉ ስመ ጥር ምትሐተኞች ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ አገለገለ። በ1892 ዓ.ም. ግን የቻይና ልብስ ለብሶ፥ ቹንግ ሊንግ ሱ ተብሎ፥ ምትሐተኛ ሆኖ ወደ መድረክ ወጣ። ቻይናዊ ነኝ ስላለ በሕዝብ ፊት እንግሊዝኛ አይናገርም ነበር።

ከትርኢቱ ሁሉ የሚያስፈራው የተተኰሰ ጥይት በሳሕን መያዙ ነበረ። ተመልካቾች በጥይቶቹ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ እርሱም በስውር በሌሎች ይለውጣቸዋል። ረዳቶቹ የተለወጡትን ጥይቶች ከባሩድ ጋራ ለጠመንጃው አጕርሰው ወደ እርሱ ይተኩሳሉ። ጠመንጃው ግን ከላይና ከታች ሁለት ቱቦ ነበረው። ጥይቱ በላይኛው ቱቦ ይቀራል፤ የሚፈነዳው በታችኛው ያለው ባሩድ ብቻ ነው። እሳቱ ወደ ላይኛው ቱቦ እንዳይደርስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። የሰውየው ሕይወት በዚያች ትንሽ መዝጊያ ላይ የተንጠለጠለች ነበረች።

ይህን ትርኢት ብዙ ዓመት ያለ ጕዳት አሳየ። ከአገልግሎት ብዛት የተነሣ ግን ጠመንጃው አረጀ፤ ደቃቅ ባሩድም ጥቂት በጥቂት ወደ ተዘጋው ስፍራ ሰረገ። መጋቢት 14 ቀን 1910 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፥ ዉድ ግሪን በሚባል ሰፈር፥ ረዳቶቹ እንደ ልማዳቸው ተኰሱ። በዚያች ሌሊት እሳቱ ወደ ላይኛው ቱቦ ተሻገረ፤ እውነተኛው ጥይትም ወጥቶ ደረቱን መታው። ያ በመድረክ ላይ ዝም ይል የነበረ ሰው፥ መጋረጃው እንዲወርድ በእንግሊዝኛ ተናገረ። በማግሥቱም ሞተ። የጠመንጃ ዐዋቂ መሣሪያውን ፈትቶ በመረመረው ጊዜ ምክንያቱ ተገለጠ።

እንግዲህ፥ ልጆች ሆይ፥ ያን ሰው ጠላት አልገደለውም፤ አስማትም አልገደለውም። የገደለው ሳይታደስ የቀረው ትንሽ ነገር ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

በአማኑኤልም በበዓል ቀን ሰው ሁሉ የሚሰማው የከበሮውን ድምፅ ነው። ጠፈሩን አጥብቆ የወጠረውን ሰው ማንም አያስበውም፤ ነገር ግን ጠፈሩ ቢላላ ድምፁ ይበላሻል። ተማሪም በሰው ፊት ቆሞ አሳምሮ የሚያነበው፥ ማታ በመብራት አጠገብ ብቻውን ያጠናውን ነው። ማንም በማያየው ስፍራ ሥራውን አጥርቶ የሚሠራ ሰው፥ ሁሉ በሚያየው ስፍራ አያፍርም።